የተገለበጠው ስልክ ቁጥር እና የማይታዩት ምልክቶች

ጥፋቱ የኔ ስለነበር ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት አንድ ነገር እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ልጃቸው ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ አረቢያ ከሄደች ሰባት ወር ሆኗታል። ስልኳ ለሁለት ሳምንት አልነሳ ሲላቸው፣ ከዚህ ቀደም በቴሌግራም የላከችላቸውን የአሠሪውን ቢሮ አድራሻ ይዘው መጡ። የቢሮው ስም በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ እስቲ ይቺን ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍልኝ፤ ዓይኔ የስልኩን ጽሑፍ እንቢ ብሎኛል» አሉኝ። (ገና ጋዜጠኛ አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ ግን ማዕረጉ የተሰጠኝ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ነው።)

ላፕቶፔን ከፈትኩና ኖትፓድ ላይ «የቢሮው ስም» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። የአረብኛውን ስም ከቴሌግራም ገልብጬ ለጠፍኩ። ከዚያ የእንግሊዝኛዋን ሁለት ነጥብ አደረግኩ፤ ቁጥሩን አስከተልኩ፤ ፊደሉን አተልቄ አተምኩት። ቁጥሩ እኔ ካስቀመጥኩበት ዘሎ ከስሙ በፊት መቀመጡን አይቻለሁ፤ «አረብኛ መቼም ከቀኝ ነው የሚጻፈው፣ እንዲህ ነው የሚሆነው» ብዬ አለፍኩት። «በመደመር ምልክቷ ፋንታ ሁለት ዜሮ ይጫኑ፣ ከዚያ ቁጥሩን ከግራ ጀምረው በተርታ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «ልጄ፣ ቁጥሩ አይሠራም እኮ። በደወልኩ ቁጥር አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገርና ትዘጋዋለች። አታለዋት ይሆን እንዴ?» እኔም ደነገጥኩ። ያንኑ ፋይል ከፍቼ ቁጥሩን ገልብጬ ስልኬ ላይ ለጠፍኩና ደወልኩ። ጠራ። አንድ ሰውዬ አነሳ። ከዚያው ፋይል፣ ያንኑ ቁጥር! (ልጅቷ ደህና ናት፤ ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆ ነው።)

ወረቀቱንና ስልኬን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነገሩ ታየኝ። የሳዑዲ ቁጥር በ966 ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ 966 መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ የመደመር ምልክቷም ከኋላው ተለጥፋለች። ቁጥሩ በክፍተት በአራት ተከፋፍሎ የተጻፈ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ደህና ነው፤ የክፍሎቹ ተርታ ግን ተገልብጧል፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች መጀመሪያ መጥተዋል። ኮምፒዩተሩ በሆዱ የያዘው ቁጥር ልክ ነው። ለዓይን ያሳየው፣ እኔም አትሜ ለአንዲት እናት የሰጠሁት ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ወረቀት ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ስህተት ስንማር «ምንጭህን አረጋግጥ፣ ከምንጩ ጋር አመሳክር» እየተባልን ነው። እኔ ከምንጩ ቀጥታ ገልብጫለሁ፤ አንድም ቁጥር በእጄ አልነካሁም። ሆኖም የታተመው ሐሰት ነበር። እንግዲህ ይህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ነገርዬው እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚያስቀምጠው በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተነካው ፊደል መጀመሪያ ይቀመጣል፤ አረብኛም ይሁን ዕብራይስጥ ልዩነት የለም። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የሚመጣው ጽሑፉ ስክሪን ወይም ወረቀት ላይ ሲሣል ነው። ያንን የሚወስነው ዩኒኮድ ያወጣው የሁለት አቅጣጫ ጽሑፍ ሕግ ነው። ሕጉ ፊደላትን በጠባያቸው ይለያቸዋል። የአማርኛና የላቲን ፊደላት ጠንካራ የግራ-ወደ-ቀኝ ናቸው። የአረብኛና የዕብራይስጥ ፊደላት ጠንካራ የቀኝ-ወደ-ግራ ናቸው። ቁጥሮች ደካማ ናቸው፤ ጎረቤታቸውን አይተው ነው የሚያድሩት። ክፍተት፣ ቅንፍ፣ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ምልክት የመሳሰሉት ደግሞ የራሳቸው አቅጣጫ የላቸውም፤ ከሁለቱም ወገን ያለውን አይተው ይሰለፋሉ።

የኔ ቁጥር ከአረብኛ ስም ቀጥሎ ስለመጣ ሕጉ የአረብኛው ወገን አደረገው። በክፍተት የተለያዩት ክፍሎችም አንድ በአንድ ከቀኝ ወደ ግራ ተደረደሩ። አረብኛ ለሚያነብ ሰው፣ በአረብኛ አንቀጽ ውስጥ፣ ይህ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የአማርኛ ወረቀት ከግራ ለሚያነቡት እናት ግን ጥፋት ነው።

የስፖርት ገጽ ለምትሠሩ ልጆች ደግሞ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። የግብፁን አል አህሊ ስም በአረብኛ ፊደል ጽፋችሁ፣ ክፍተት አድርጋችሁ «3-1» ብላችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ «አሸነፈ» ብላችሁ ብትጨርሱ፣ ሕጉን በትክክል የሚከተል ፕሮግራም «1-3» ብሎ ነው የሚያሳያችሁ። የሚገርመው፣ ስሙ በዕብራይስጥ ፊደል ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ወደ ስሙ ግራ ይዘላል እንጂ «3-1» እንደሆነ ይቆያል። ምክንያቱም ሕጉ ከአረብኛ ፊደል በኋላ የሚመጣን ቁጥር ከሌላው ለይቶ ነው የሚያየው፤ ጭረቷም እዚያ ላይ ቁጥሮቹን አንድ አድርጋ የመያዝ ሥልጣን የላትም። በጭረት የሚጻፍ ቀንም እንደዚሁ ይገለበጣል፤ በእዝባር የተጻፈው ግን አይገለበጥም። አሳላፊ አርታኢ ይህንን በግምት ሊደርስበት አይችልም፤ ወይ ያውቀዋል ወይ አያውቀውም።

የማይታዩት ምልክቶች የተፈጠሩት እንግዲህ ሕጉ ብቻውን የጸሐፊውን ሐሳብ ማወቅ ስለማይችል ነው። ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ 12 ናቸው። እንደማንኛውም ፊደል የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የኛ «ሀ» 4608 ቁጥር ላይ እንደተቀመጠች ሁሉ የግራ-ወደ-ቀኝ ምልክት 8206 ላይ፣ የቀኝ-ወደ-ግራ ምልክት 8207 ላይ ተቀምጠዋል። ሲሣሉ ስፋትም ቅርጽም የላቸውም። ሥራቸው አንድ የማይታይ ጠንካራ ፊደል ሆኖ መቆም ብቻ ነው። እኔ ከአረብኛው ስም በኋላ አንዲት 8206 አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የሚያየው ጎረቤት እሷን ይሆንና በቦታው ይቀመጥ ነበር። ፋይል ውስጥ የምትይዘው ቦታ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ነው፤ 226፣ 128 እና 142። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩት የዊንዶውስ የዕብራይስጥና የአረብኛ የኮድ ሠንጠረዦች ውስጥ እንኳ እነዚህ ሁለቱ በ253 እና በ254 ላይ ነበሩ። 256 ቦታ ብቻ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ለማይታይ ነገር ሁለት ቦታ መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ከ8234 እስከ 8238 ያሉት አምስቱ ጠንከር ይላሉ። ሁለቱ «ከዚህ ጀምሮ ያለው በዚህኛው አቅጣጫ ይታቀፍ» የሚሉ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ የፊደሉን ተፈጥሮ ሽረው በግድ የሚያዞሩ ናቸው። አንዱ መዝጊያ ነው። ከማስገደጃዎቹ አንዱ የሆነው 8238 «ደብዳቤ» ከሚለው ቃል በፊት ቢገባ፣ ፋይሉ ውስጥ «ደብዳቤ» እንደሆነ ይቀመጣል፤ ስክሪኑ ላይ ግን «ቤዳብደ» ተብሎ ይነበባል። አማርኛችን በጠባዩ ጠንካራ ነው ብለናል፤ እዚህ ላይ ጥንካሬው አያድነውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የዩኒኮድ 6.3 ስሪት ደግሞ አምስት ተጨመሩ። አንዱ ለአረብኛ የተለየ ምልክት ነው፤ ቁጥሩ 1564። አራቱ፣ ከ8294 እስከ 8297፣ መነጠያዎች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ውጭ ያለውን እንዳይረብሽ፣ የውጭውም ውስጡን እንዳይነካ አጥር ያጥራሉ። እንደኔ ከሁሉም የተሻሉት እነዚህ ናቸው። የሰው ስም ከአንድ ቦታ፣ ቁጥር ከሌላ ቦታ እያመጣ በአንድ መስመር የሚደረድር ፕሮግራም ሁሉ እያንዳንዱን በአጥር ከልሎ ማስቀመጥ ነበረበት። ብዙዎቹ አያደርጉትም።

እዚህ ላይ አንድ ለኛ የሚሆን ነገር ልንገራችሁ፤ ባነበብኩ ጊዜ ከወንበሬ ብድግ አድርጎኛል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ስሪት ነው። ያኔ ፊደሎቻችን ብቻ ሳይሆኑ ሥርዓተ ነጥቦቻችንም፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ፣ ጠንካራ የግራ-ወደ-ቀኝ ተብለው ተመዘገቡ። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ፣ ኮማና ጥያቄ ምልክት ግን እንዲህ ያለ ጥንካሬ የላቸውም። ትርጉሙ ምን እንደሆነ አያችሁ? ያን ቀን የእንግሊዝኛዋን ሁለት ነጥብ ትቼ «፦» ብጽፍ ኖሮ፣ ወይም «፣» ብጨምር፣ ቁጥሩ አይገለበጥም ነበር። የማይታየውም ምልክት አያስፈልገኝም ነበር። የራሳችን ነጥብ ሥራውን ይሠራው ነበር። ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶን የእንግሊዝኛ ኮማና ሁለት ነጥብ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ስንነሰንስ (እኔም አለሁበት) መምህራን የሚቆጡን ለቋንቋው ክብር ብለው ይመስለኝ ነበር።

እስራኤል ውስጥ ዕብራይስጥና አማርኛ ቀላቅለው የሚጽፉ ወገኖቻችን ይህንን ከኛ ይልቅ በየቀኑ ያዩታል። በዕብራይስጥ አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ የአማርኛ ጥያቄ ጽፈው በእንግሊዝኛው ጥያቄ ምልክት ሲዘጉት ምልክቷ ዘላ የአማርኛው መጀመሪያ ላይ ትቀመጣለች። ዓረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ሲያልቅ ግን አራት ነጥቡ ንቅንቅ አይልም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ይህን ሁሉ ለአንድ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለሚያጠና ጓደኛዬ ሳወራለት ሳቀና «እነዚህ ምልክቶች እኮ የሌባ መሣሪያ ናቸው፤ ሁሉንም ማጥፋት ነው» አለኝ። ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ካስፐርስኪ የተባለው የጸረ-ቫይረስ ድርጅት እንዳሳወቀው፣ ለዊንዶውስ የተሠራውን የቴሌግራም ፕሮግራም በዚሁ በ8238 ያታለሉ ሰዎች ነበሩ፤ የጀመሩትም በ2017 ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ጸያፉ ፋይል ጄኤስ የሚባለው ዓይነት፣ ማለትም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በስሙ መካከል 8238ን ያስገቡና ከሱ በኋላ «ጂ፣ ኤን፣ ፒ፣ ነጥብ፣ ጄ፣ ኤስ» ብለው ይጽፋሉ። ስክሪኑ ይገለብጠውና «ኤስ፣ ጄ፣ ነጥብ፣ ፒ፣ ኤን፣ ጂ» ብሎ ያሳያል። ተቀባዩ ፎቶ የመጣለት ይመስለዋል። ሲከፍተው ኮምፒዩተሩ ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍር ይውላል። ቀዳዳው ተደፍኗል። ግን እስቲ አስቡት፤ በአገራችን ስንቱ ዜና፣ ስንቱ የክፍል ማስታወሻ፣ ስንቱ የፈተና ወረቀት በቴሌግራም ነው የሚመላለሰው?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኒኮላስ ቡቸር እና ሮስ አንደርሰን (አንደርሰን በ2024 አርፈዋል) «ትሮጃን ሶርስ» ብለው የሰየሙትን ይፋ አደረጉ። በእነዚህ ምልክቶች አማካይነት የፕሮግራም ኮድን ለሚያነበው ሰው አንድ ነገር፣ ለሚተረጉመው ማሽን ሌላ ነገር እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። የሚፈትሸው ሰው በሙሉ ትኩረት መስመር በመስመር ቢያነብ እንኳ አያገኘውም፤ ሲያነብ የነበረው ሌላ ጽሑፍ ነዋ። የኔን የስልክ ቁጥር ታሪክ በትልቁ አስቡት።

ታዲያ ጓደኛዬ ልክ ነው ማለት ነው? አይደለም። እነዚህን ምልክቶች ከየጽሑፉ ጠራርጎ ማጥፋት ማለት ለአረብኛና ለዕብራይስጥ አንባቢ ስልክ ቁጥሩን፣ ቅንፉንና ዋጋውን እያዘበራረቁ መስጠት ማለት ነው። በጽሑፋቸው ውስጥ የእንግሊዝኛ ስም ሳይኖር የሚውል የለም። ለኛ የማያስፈልገን ስለሆነ ቆሻሻ ነው ማለት ደግሞ፣ እኛም የደረሰብን ነገር ነው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የድሮ ፋይሎችን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የተጻፈው አማርኛ ነው፤ የሚታየው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ያ የሆነው ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች የኛን ፊደል አስበውት ስለማያውቁ ነው። ዛሬ እኛ ተራችን ደርሶ «የናንተ ምልክት አያስፈልግም» ብንል ያምርብናል?

ራሳቸው የካምብሪጆቹ ሰዎችም ሁሉም ይጥፉ አላሉም። የጠየቁት በኮድ አስተያየትና ጥቅስ ውስጥ ተከፍተው ያልተዘጉት እንዲያዙ ነው። ጊትሃብ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ያሉበትን ፋይል ሲያሳይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ጀመረ። የራስት ቋንቋ አዘጋጆችም ማቀፊያዎቹን፣ ማስገደጃዎቹንና መነጠያዎቹን በኮድ ውስጥ ሲያገኝ እንዲያስቆም ፕሮግራማቸውን አስተካከሉ። እነ 8206ን ግን አልነኳቸውም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ምልክቱ ይኑር፤ ግን ይታይ። ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚታይበት መንገድ በየመጻፊያው ላይ መኖር አለበት፤ ያ መንገድ ያላቸው ፕሮግራሞችም አሉ፤ እኛ ከፍተን አናውቅም እንጂ።

የማይታየው ምልክት ሳይጠሩት የሚመጣበትም ጊዜ አለና ይህን ማወቅ ለአርታኢ ይጠቅማል። በዊንዶውስ ላይ የዲጂታል ምስክር ወረቀትን መለያ ቁጥር ከመስኮቱ ገልብጠው ሲለጥፉ 8206 ከፊቱ ተለጥፋ ትመጣ ነበር። ቁጥሩ ለዓይን ፍጹም ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይላል። ብዙ ባለሙያዎች ሰዓታቸውን ጨርሰውበታል። ከሰው ስልክ የተገለበጠ ቁጥር ወይም ስም በፍለጋ አልገኝ ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን። ቁጥሩን ከገለበጣችሁበት ቦታ ትታችሁ በእጃችሁ ጻፉት፤ ከተገኘ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ለትምህርት ክፍላችን ነው። ስለ ዓባይ ግድብ፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስንጽፍ ከአረብኛ ምንጭ እየገለበጥን ነው። የመንገደኛ ስም ዝርዝር፣ የውል ቀን፣ የእርዳታ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው። የኤዲቲንግ ትምህርታችን ስለ ርዕስ አወጣጥና ስለ ቃላት ቁጠባ በደንብ ያስተምረናል። ለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ኧረ ግማሹም ይበቃል። የአረብኛ ወይም የዕብራይስጥ ስም ከቁጥር ጋር ሲጎራበት ማየትና መጠርጠር፤ በመካከላቸው አንድ የአማርኛ ቃል ወይም የራሳችንን ነጥብ ማስገባት፤ ያ ካልሆነ 8206ን መጠቀም፤ ከታተመ በኋላ ደግሞ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ፣ ከስክሪኑ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ፣ እያነበቡ መደወል። ይህንን ለማሳየት ቤተ ሙከራው ያሉት ኮምፒዩተሮች ይበቃሉ፤ አዲስ ዕቃ አያስገዛም።

ለእትዬ ሌላ ወረቀት አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በዚያኛው ላይ «ስልክ፦» የሚል ቃል በስሙና በቁጥሩ መካከል አለ። ከመስጠቴ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከወረቀቱ እያነበብኩ ደውዬበታለሁ። የመጀመሪያዋን ወረቀት ግን አልጣልኳትም። መምህራችን ክፍለ ጊዜውን ከፈቀዱ ይዣት እመጣለሁ።